መኪናዋ የጠጣችውን እኔ አልጠጣሁትም

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። ቀኑ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩ «የነዳጅ አጠቃቀም ጉድለትን ይመለከታል» ይላል፤ ፊርማው የእኔ ነው። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ተሽሯል» የሚል ማኅተም አርፎበታል፤ እሱንም ያስመታሁት እኔው ነኝ። ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል። ቀድጄ ልጥለው ብዬ ስንት ጊዜ አንስቼው መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

ደብዳቤው የተጻፈው አዳማ በሚገኘው ቅርንጫፍ ቢሯችን ለሚሠሩ ሾፌር ነበር። በዕድሜ ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣሉ። ቢሮው በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ያን ጊዜ የፋይናንስ ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። በ2010 ዓ.ም. ድርጅቱ አንዲት አዲስ የቤንዚን አውቶሞቢል ሲገዛ መሪዋን የያዙት እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሳሉ፤ አልፎ አልፎ አሰላ፣ አንዳንዴም መተሐራ ይሄዳሉ፤ የቀረውን ጊዜ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር ሲጋፉ ይውላሉ።

ከመኪናዋ ጋር በመጣው መግለጫ ወረቀት ላይ «ጥምር የነዳጅ ፍጆታ፦ 5.6 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር» የሚል መስመር ነበር። እኔ ያን መስመር ይዤ የነዳጅ ተመን አወጣሁ። ቸርነት መስሎኝ አሥር በመቶ ያህል ጨመርኩበትና 6.2 አደረግሁት። ከሦስት ወር በኋላ የጉዞ መዝገቡን ከነዳጅ ደረሰኞች ጋር ሳስተያይ፣ መኪናዋ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ 666 ሊትር ወስዳለች። በመቶ ኪሎ ሜትር 7.4 ሊትር መሆኑ ነው። በተመኑ ግን 558 ሊትር ይበቃት ነበር። 108 ሊትር የት ሄደ?

በሒሳብ ሥራ ላይ ስንሰለጥን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ሙያ መመሪያ ነው የምንማረው። ጠርጣራ መሆን ግዴታዬ ነበር። የቸገረኝ ሌላ ነው፦ መጠርጠር ከነበረብኝ ሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ ጠረጠርኩ። የሰውየውን እጅ ጠረጠርኩ፤ የወረቀቱን ቁጥር ግን አመንኩ። ቁጥሩ ታትሟል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ አሃዝ አለው፤ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ሰውየው ግን ነዳጅ እንደሚያጎድሉ ብዙ የሚወራባቸው የሾፌሮች ወገን ናቸው። ይህን ዛሬ በግልጽ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው እንደዚያ ነው።

ደብዳቤውን የሰጠኋቸው የንብረት ኮሚቴው ባለበት ነው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ በአራት አጠፉት። ጎድሏል የተባለው ነዳጅ በሦስት ወር ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ይላል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መኪናዋ የጠጣችውን እኔ አልጠጣሁትም» አሉ። በር ላይ ደርሰው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩና «አንድ ቀን አብረውኝ ይሂዱ» አሉኝ።

## ሽቅብ እና ቁልቁል

አብሬያቸው የሄድኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተቆራጭ በዚያን ጊዜ ከደመወዛቸው ላይ ተነስቷል። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበረኝ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ በር መጡ፤ በቀጥታ ወደ ነዳጅ ማደያ ወሰዱኝ። ቀጂው ልጅ ጋኑን እስከ አፉ እንዲሞላው፣ ቧንቧው ራሱ ሲዘጋ ትንሽ ቆይቶ እንደገና እንዲጨምርበት ነገሩት። ከዚያ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አቀበሉኝና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን እያሳዩ «ጽሕፈቱ የእርስዎ ይሁን» አሉኝ። ጻፍኩ።

ከአዳማ ወጥተን የፍጥነት መንገዱን ስንይዝ በሸንተረሩ ላይ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች ይሽከረከሩ ነበር። በዚያ መንገድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሄጃለሁ። ሁልጊዜ ሜዳ ይመስለኝ ነበር። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ድሮው ጠመዝማዛ አቀበት አይደለም። ያን ቀን ዓይኔ መንገዱ ላይ ሳይሆን ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። ወዲያው የምትወስደውን ነዳጅ የሚያሳየው ትንሽ መስኮት 7፣ 8፣ 9 ሲል አየሁ። ሞጆን አለፍን፣ ቢሾፍቱን አለፍን። ጋሼ ከ100 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ነው የሚነዱት፤ አይሽቀዳደሙም፣ ድንገት ፍሬን አይዙም፣ ከፊታቸው የጭነት መኪና ሲያዩ ከሩቁ እግራቸውን ከነዳጅ ላይ ያነሳሉ። ጥሩ ሾፌር መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው ብል ውሸት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ከኋላ ተቀምጬ ስልኬን ነበር የማየው።

አዲስ አበባ ስንደርስ እንደገና እስከ አፉ አስሞላን። 96 ኪሎ ሜትር ሄደናል፤ የገባው 7.8 ሊትር ነው። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም፤ ማንም ጎማ ከትቶ ነዳጅ አልሳበም።

ስብሰባው ላይ ሳለሁ የመኪናው ቁልፍ የነበረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው አውጥተው የሰጡኝ። ቢሮው ግቢ ውስጥ ባለች ድንጋይ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠው ጠበቁኝ። በሰባት ሰዓት በመስኮት ሳይ እዚያው ናቸው። ምሳ እንኳ መኪናዋ ከዓይኔ በማትርቅበት ቦታ ነው የበሉት። አንድን ሰው በሃያ ሰባት ዓመት የሥራ ዘመኑ እንደዚህ ራሱን እንዲያስጠብቅ ያደረገው የእኔ ደብዳቤ መሆኑን እያሰብኩ የስብሰባውን ግማሽ አልሰማሁም።

ስንመለስ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነ። ያቺ ትንሽ መስኮት 5 ትላለች፣ 4 ትላለች፣ አንዳንድ ቦታ ጋሼ እግራቸውን ሲያነሱ ዜሮ ትላለች። አዳማ ደርሰን እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቧንቧ ላይ ቆመን ስናስሞላ 5.7 ሊትር ገባ። ርቀቱ ያው 96 ኪሎ ሜትር ነው።

ማደያው ጥግ ቆሜ በስልኬ አሰላሁ። ሽቅብ 8.1 ሊትር በመቶ ኪሎ ሜትር። ቁልቁል 5.9። ሁለቱ ተደምረው 13.5 ሊትር ለ192 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 7.0። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ያን ቀን ያስደነገጠኝ ሽቅቡ አልነበረም። ያስደነገጠኝ 5.9 ነው። በጥንቃቄ ተነድታ፣ ሻንጣ ሳትጭን፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ቁልቁል እየወረደች እንኳ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን 5.6 አልደረሰችም። እኔ ግን በዚያ ቁጥር አንድን ሰው ሌባ ብያለሁ።

ጋሼ ምንም አላሉም። የጋኑን ክዳን ዘግተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «እንሂድ ልጄ፣ መሽቷል» አሉኝ። «ልጄ» ብለው የጠሩኝ ያን ቀን ነው።

## ጭሱን የሚመዝኑት

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ነዳ? የት? ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

መጀመሪያ የደነቀኝ ነዳጁን አለመለካታቸው ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ አትወጣም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በሚሽከረከሩ ትላልቅ ሮለሮች ላይ ትቆማለች፤ መሣሪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ እሷ ግን ካለችበት አትነቃነቅም። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ባለ ማሳያ ላይ የተሰመረ የፍጥነት መስመር ይከተላል፦ እዚህ ላይ ተነሳ፣ እዚህ ላይ 50 ድረስ፣ እዚህ ላይ ቁም። በማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ በከረጢት ይሰበሰባል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳይቃጠል ያመለጠው ነዳጅ ይለካል። ፍጆታው ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይሰላል።

ለሒሳብ ሰው ይህ የሚያምር አሠራር ነው፤ ስረዳው ደስ ብሎኛል። በቤንዚን ውስጥ የገባ ካርቦን አይጠፋም፤ በማርሚታው መውጣት አለበት። ገቢውና ወጪው መመጣጠን አለበት ማለት ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ሁሉ የቆመበት ሕግ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ወረቀታችንን አውጥቼ አየሁት፤ ከ5.6 ጎን «130 ግራም በኪሎ ሜትር» የሚል ነበር። በመቶ ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ግራም ነው። ለ2.3 ሳካፍለው ያው 5.6 አካባቢ መጣ። ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ይመስሉኝ የነበሩት አንድ ልኬት ሆነው ተገኙ።

ስለዚህ ቁጥሩ ፈጠራ አልነበረም። የተለካ ነው፣ በጥንቃቄ የተለካ ነው። ጥያቄው የተለካው በምን ዓይነት ጉዞ ላይ ነው የሚለው ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የመለኪያው ስም ተጽፏል፦ ኤንኢዲሲ። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት የሙከራ ጉዞ ነው። የከተማው ክፍል የተቀረጸው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ሙከራው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው። ርዝመቱ 1,180 ሰከንድ፣ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ። ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር። 120 ላይ የሚደርሰው አንዴ ነው፤ የሚቆየውም አሥር ሰከንድ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ዝግ ነው። የአዳራሹ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ነው።

ዳገትም የለውም። ሮለር ሽቅብ አይወጣም። ይህን ሳነብ የሞጆ መንገድ፣ የኢተያ አቀበት፣ የአሰላ ብርድ በዓይኔ መጣ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,300 አካባቢ ላይ። 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ተሳፋሪዋን ይዛ 600 ሜትር ከፍ ስትል፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 9 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ያስፈልጋታል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ያህል ይዟል፤ ሞተሩ ግን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከዚያ ሩቡን ወይም ሲሶውን ነው። ዳገቱ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል ማለት ነው። በሽቅቡና በቁልቁሉ መካከል ያየሁት የ2.1 ሊትር ልዩነት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ስወጣ አንድ ሊትር ተጨመረ፣ ስወርድ አንድ ሊትር ተቀነሰ። በዚህ ላይ የአየር ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ በ110 ስንሄድ መኪናዋ የምትታገለው አየር በ90 ከሚገጥማት አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ሮለሩ ላይ ለቆመች መኪና የአየሩን ግፊትና የጎማውን ግጭት ማን ይነግራታል? ለዚህ አስቀድመው ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ይወስዷታል። ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ካደረሷት በኋላ ማርሹን ባዶ አድርገው ይለቋታል፤ በራሷ እየቀነሰች ስትሄድ በየፍጥነቱ መካከል ስንት ሰከንድ እንደወሰደባት ይመዘግባሉ። ቶሎ ከቀነሰች ተቃውሞው ብዙ ነው፤ ከዘገየች ጥቂት ነው። ያ ተቃውሞ ነው በኋላ ሮለሩ ላይ የሚጫነው። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ፍሬን መያዙን የምናውቀው በዚሁ እኮ ነው» አሉኝ። «ማርሹን ባዶ አድርገህ ስትለቃት ቶሎ ከቆመች አንዱ ጎማ ታፍኗል ማለት ነው። የተማርነው ጋራዥ ውስጥ ነው።»

ከሁሉም ደረጃዎች በቀላሉ የሚጣመመው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከአዳራሹ ውጪ፣ ሰማይ ሥር ነው የሚደረገው። ሃዩንዳይና ኪያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የብዙ ሞዴሎቻቸውን ቁጥር (እዚያ የሚታተመው በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደምትሄድ ነው፤ ሲበዛ ይሻላል) ዝቅ አድርገው እንደገና ለማተም ተገደዋል። በ2014 ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምተዋል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ካገኙት ጥፋት አንዱ ከጀርባ በሚገፋ ንፋስ የታገዙ ልኬቶችን መጠቀማቸው ነበር። ሚትሱቢሺም በ2016 በጃፓን የዚሁ ደረጃ መረጃ መዛባቱን አምኗል። የአዳማ ሰው የንፋስን ነገር ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ንፋሱ ፊት ለፊት ሲመታና ከኋላ ሲገፋ መሪው ላይ ያለ እጅ ያውቀዋል።

## በሰፈሩት ቁና

ያን ሰሞን ቁጥሩን ልጠላው ሞክሬ ነበር። ንዴቴን ከራሴ ላይ አንስቼ የምጭንበት ፈልጌ ይሆናል። ግን እውነቱን ለመናገር የሚጠላ ነገር አይደለም። ሁለት መኪና ለማወዳደር ሁለቱን በአንድ ቁና መስፈር ያስፈልጋል። አንዱን በጠዋት ብርድ፣ ሌላውን በቀትር ሙቀት፣ አንዱን በቀስታ፣ ሌላውን በችኮላ ብንነዳቸው ውጤቱ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ቀኑ ነው የሚነግረን። ስለዚህ ሁሉንም እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰከንድ፣ እዚያው መስመር ላይ ያስኬዷቸዋል። 5.6 የተባለችው መኪና 7 ከተባለችው ታንሳለች ብዬ ብገዛ ቁጥሩ ሥራውን ሠርቷል። እኔ ግን መኪናን ከመኪና የሚያወዳድረውን ቁና ወስጄ ሰው ሰፈርኩበት።

የሚበልጠውን ሐዘን ያመጣብኝ ቀጥሎ ያነበብኩት ነው። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የሚባል የጥናት ተቋም የአውሮፓ አሽከርካሪዎች በተጨባጭ የሚያወጡትን ነዳጅ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር ለዓመታት አስተያይቷል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ልዩነቱ 9 በመቶ ገደማ ነበር። በ2015 ወደ 42 በመቶ አደገ። ሞተሮቹ የተሻሉት ከመንገዱ ይልቅ ለፈተናው ነበር ማለት ነው፤ ጎማን ጠበቅ አድርጎ ከመንፋት፣ ባትሪን ሞልቶ ከመጀመር አንስቶ ሕጉ የማይከለክለው ቀዳዳ ሁሉ ተለቅሟል። ወዲያው የጋሼን ቁጥር አሰላሁ። 7.4 ከ5.6 የሚበልጠው በ32 በመቶ ነው። አውሮፓ ውስጥ፣ በአውሮፓ መንገድ ላይ፣ አማካዩ ሰው 42 በመቶ ሲበላ፣ እሳቸው የአሰላን ዳገትና የመተሐራን ሙቀት ጨምረው 32 ላይ ነበሩ። ደብዳቤ ይገባቸው ከነበረ የምስጋና ነበር።

አውሮፓውያን ራሳቸው ቁናውን ቀይረዋል። ደብሊውኤልቲፒ የተባለው አዲሱ ሙከራ ከሴፕቴምበር 2017 ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። 1,800 ሰከንድ ነው፣ 23 ኪሎ ሜትር ከሩብ፣ አማካይ ፍጥነቱ 46.5፣ ከፍተኛው 131። ይሻላል። እሱም ቢሆን አየር ማቀዝቀዣው ዝግ ነው፣ ዳገትም የለውም። በ2021 የተመዘገቡ መኪኖች ውስጥ ከተገጠመ መቁጠሪያ በተሰበሰበ መረጃ የአውሮፓ ኮሚሽን ያገኘው፣ የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች ከወረቀታቸው በ20 በመቶ ገደማ አብልጠው እንደሚጠጡ ነው።

አሜሪካኖች በዚህ ነገር ቀድመው ተጨንቀዋል። ሰዎች ቁጥሩን እንደማያገኙት ሲያማርሩ፣ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ጀምሮ ከአዳራሹ የማይል ውጤት ላይ ለከተማ 10 በመቶ፣ ለአውራ ጎዳና 22 በመቶ ቀንሰው ማተም ጀመሩ። ከ2008 ሞዴሎች ወዲህ ደግሞ አምስት ፈተና አለ፦ ከከተማና ከአውራ ጎዳናው ሌላ አንዱ በችኮላና በከፍተኛ ፍጥነት፣ አንዱ በ35 ዲግሪ ሙቀት አየር ማቀዝቀዣ ተከፍቶ፣ አንዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሆነ ብርድ። የከተማው 55 በመቶ፣ የአውራ ጎዳናው 45 በመቶ ሆኖ ይጣመራል። አንዲት መኪና አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን ውስጥ ሦስት ዓይነት ቁጥር ሊኖራት ይችላል፤ ሦስቱም በትክክል የተለኩ ናቸው።

ስለ ማጣመር ካነሳሁ አንድ ስህተቴን ልጨምር። የቢሯችን ቅጽ እንደ ብዙ መሥሪያ ቤቶች «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔም የየጉዞውን ውጤት ደምሬ በጉዞው ብዛት አካፍል ነበር። ይህ አይሆንም። መቶ ኪሎ ሜትር በሊትር 10 የሄደች፣ ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር በሊትር 20 የሄደች መኪና አማካይዋ 15 አይደለም፤ 200 ኪሎ ሜትሩን በ15 ሊትር ነው የሄደችው፣ ስለዚህ 13.3 ነው። አሜሪካኖቹ ሲያጣምሩ ይህንኑ ጠብቀው ነው። እኔ ግን ዲግሪ ይዤ ሾፌሮቻችንን ሁሉ በተሳሳተ አማካይ ስለካ ኖሬአለሁ፤ ስህተቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነበር፣ ከእነሱ የሚጠበቀውን ከፍ ወደሚያደርገው።

## የተሻረው ደብዳቤ

ደብዳቤውን ለመሻር አንድ ቀን በቂ ነበር። የተቆረጠው ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ተመለሰ። ጋሼ ቢሮዬ ሲመጡ የይቅርታ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። አነበቡት። አላጠፉትም፤ መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«መጀመሪያ የተነበበው ኮሚቴው ፊት ነው» አሉኝ። «ይኼም እዚያው ይነበብ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ግን እያደር በሚጠራበት ጊዜ ውስጥ ሰው ወር ሙሉ በባልደረቦቹ ዓይን እየታየ ይውላል፣ ማደያ ላይ ቀጂው ልጅ ሳይቀር ይሰማል፣ ቤቱ ገብቶ ለምን ደመወዝ እንደጎደለ ያስረዳል። እነዚያን ቀናት የሚመልስ ማኅተም የለኝም። ኮሚቴው ፊት ቆሜ አነበብኩት። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ጋሼ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወጡ፤ ያን ቀን አሰላ ጉዞ ነበራቸው።

ተመኑንም እንደ አዲስ ሠራነው። ወረቀት አላየንም። መኪኖቹን በሙሉ ከአፍ እስከ አፍ እያስሞላን፣ የአዲስ አበባውን፣ የአሰላውን፣ የመተሐራውንና የከተማውን ለየብቻ፣ ሽቅቡንም ቁልቁሉንም ሁለት ወር መዘገብን። መዝጋቢዎቹ ሾፌሮቹ ራሳቸው ናቸው። አሁን አንድ መኪና ከራሷ ታሪክ ጋር ነው የምትወዳደረው፤ ፍጆታዋ በድንገት ከፍ ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው ጎማውንና ፍሬኑን ነው። በዚህ መንገድ የታፈነ ፍሬን ሁለት ጊዜ አግኝተናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ድርጅታችንም ቀጣዩ መኪና ኤሌክትሪክ እንዲሆን ተስማማ። ባለፈው ወር ጋሼንና የስምሪት ኃላፊውን ይዤ አዲስ አበባ ወደ አንድ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነበር። «አንዴ ከሞላች 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለን፤ ወረቀቱንም ዘረጋልን። እኔ በቀጥታ ወደ ግርጌው ነው ያየሁት። ሲኤልቲሲ ይላል፤ የቻይና መለኪያ ነው፦ 14.5 ኪሎ ሜትር ያህል በ1,800 ሰከንድ፣ አማካይ ፍጥነቱ 29፣ ከፍተኛው 114። ለከተማ ጉዞ የተሰፋ ልኬት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በዝግታና በመቆም በመነሳት ብዙም አትጎዳም፤ የሚጎዳት የፍጥነት መንገድ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ከቤንዚኗ በተሻለ ጉልበቷን መልሳ ባትሪ ውስጥ ታስገባለች።

ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አይተዋል። በአባትነት ድምፅ ነው የጠየቁት።

«500ው ልጄ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ነው ወይስ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አየ፣ ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየ። ከዚያ ወንበር ስቦላቸው «ይቀመጡ ጋሼ፣ እስኪ ፋብሪካውን ልጠይቅልዎት» አለና ስልኩን አነሳ።